የስጦታው አልጋና የምጽዋ ድልድይ

ሰኞ፣ ሰኔ 1፣ 1984

ዛሬም በአልጋው ጠብ። ኤም ባይቷ ከቁርስ በፊት መጣች። የግቢውን ዕቃ የምትቆጣጠር ሴትዮ ናት። ግቢው ማለት መርካዝ ክሊታ፣ አዲስ ገቢ የሚሰፍርበት። (ከእንግዲህ መ.ክ. እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እጄ ይደክማል።) ሁለት ሰው ሦስት አልጋ አይይዝም አለች። ሌላ ቤተሰብ እየገባ ነው፣ ልጆች አሏቸው አለች። እናቴ ሄዳ አልጋው ላይ ቁጭ። አንዲት ቃል ዕብራይስጥ የላትም፤ ሴትዮዋ እስክትወጣ ግን ንቅንቅ አላለችም። እኔ በአማርኛ ሰደብኳት። አልገባትም። እኔን ግን ቀለለኝ።

ደብተሬ፣ አንቺ አዲስ ስለሆንሽ ልንገርሽ። አልጋው የስጦታው ነው፤ የወንድሜ። ደርግ ከጎንደር ገበያ አፍሶ ወታደር ያደረገው። ምጽዋ ወረደ። እዚያ ጦርነት ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። እኛ አምና በግንቦት በአውሮፕላን መጣን። ሦስት አልጋ ሰጡን፤ እናቴ ሦስት ነን ብላ ስላስመዘገበች። በየዓርቡ አንሶላውን ትቀይራለች። ማንም አልተኛበትም፣ ትቀይራለች።

አንድ ፎቶ አለን። ስጦታው ድልድይ ላይ ቆሞ። ለመጨረሻ ጊዜ ፈቃድ ሲመጣ ያመጣው ነው። ምጽዋ ደሴት ናት አለን፤ በቱርክ ጊዜ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ መስኮታቸው ጥልፍ የመሰለ እንጨት። ከየብስ ጋር የሚያገናኛት ያ በባሕር ላይ የተሠራ መንገድ ብቻ ነው። በግራም ውሃ በቀኝም ውሃ። «ለሙሴ የተከፈለለት እዚህ ነው መሰለኝ» ብሎ እናቴን አሳቃት።

እዚህ አሽቀሎን ባሕሩ በእግር ቅርብ ነው። እናቴ አንድ ቀን ሄዳ አላየችውም። ጉልበቴን ያመኛል ትላለች። ገበያ ሲሆን አያማት!

ረቡዕ፣ ሰኔ 3፣ ከሰዓት

ፈረደ መጣ! የስጦታው ጓደኛ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ አብረው የታፈሱት። ከአዲስ አበባ ከመጣ ወር አልሞላውም። አንድ እግሩን ይጎትታል። እናቴን ሲያይ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። እንጀራ ቀረበ፣ አልነካም። ጠገብኩ አለ። ከረሃብ አገር የመጣ ሰው ይመስላል፣ ምኑን ነው የጠገበው?

እናቴ ስለ ስጦታው ጠየቀችው። ተማርኮ ነበር፣ ተፈተዋል ይባላል፣ ይመጣል አለ። ይህን ሁሉ ለምንጣፉ ነው የነገረው፤ ወደሷ ቀና አላለም። እናቴ እሰይ አለች። ሻይ ቀዳችለት። ሻዩንም አልጠጣም።

ልሸኘው ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አልለቀቅኩትም። እጁን ይዤ፣ ሰው እያየኝ፣ እየጮህኩ። ነገረኝ።

ሌላውን ነገ እጽፋለሁ። እጄ እምቢ አለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

ኡልፓን፣ ዕብራይስጥ የምንማርበት፣ አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችና ትኩሳት የለሽም አለች።

እንዲህ ነው የሆነው። እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ፣ አንዲት ቃል አልጨምርም።

ጦሩ ወደ ደሴቷ አፈገፈገ። የብሱ በሻዕቢያ እጅ ገባ። በመሐል ያ ድልድይ ብቻ ቀረ። የደሴቷ ውሃ በቧንቧ በድልድዩ ጎን ነው የሚመጣ፣ ቧንቧው ተቆርጧል። ዙሪያው ባሕር፣ የሚጠጣ ጠብታ የለም። ፈረደ እግሩን ተመትቶ ካንድ አሮጌ ቤት በረንዳ ላይ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ስጦታው ድልድዩ ላይ ቧንቧው የተበሳበትን ቦታ አየ፤ ትንሽ ይንጠባጠባል። ጄሪካን ይዞ ሄደ፣ ቀድቶ ተመለሰ። ፈረደ ጠጣ። ሌሎች ቁስለኞች አለቀሱበት። እንደገና ሄደ። ድልድዩ መሐል ላይ ወደቀ።

ማንም ሄዶ ሊያነሣው አልቻለም። ከዚያ ታንክ በድልድዩ መጣ፣ ሁሉም ተበታተነ። ፈረደ ተማረከ። አስከሬን ለቅመው ወደ ባሕሩ ነው የጣሉት ወይስ ቀበሩ፣ አያውቅም።

ወይኔ ወንድሜን! የብስ ላይ አልሞተ፣ ደሴት ላይ አልሞተ። ሰው መንገድ ላይ ይሞታል? ድልድይ ሲሠሩ እኮ ሰው ከሰው እንዲገናኝ ብለው ነው!

ይህ ብቻ ቢሆን ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ፈረደ ግን ሌላም ጨመረ። ለምን ውሸት ተናገርክ ስለው፣ ጋ/አለሙ አዝዘውኝ ነው አለ። ጋሼ አለሙ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፤ በሱዳን በኩል የመጣ፣ ሰባት ስምንት ዓመት እዚህ የኖረ። አንቺ አታውቂም ወይ፣ አለኝ ፈረደ። እሳቸው እኮ ካምና ጀምሮ ያውቃሉ።

ካምና ጀምሮ!

ዓርብ፣ ሰኔ 5፣ ከሰንበት በፊት፣ በችኮላ

አቲቆት ሰፈር ሄድኩ፣ አጎቴ ቤት። ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጣሁት፤ ንዴት ያበርታል። ቤቱ በሠርግ ዕቃ ተሞልቷል፤ ልጁ ብርቱካን ሐምሌ 2 ልታገባ ነው። አጎቴ ሱፍ አበባ እየፈለፈለ ቴሌቪዥን ያያል።

አልካደም። እሱ ነው ያናደደኝ። ቢክድ ይሻል ነበር።

አዲስ አበባ ኤምባሲው ደጅ ሰፍረን ስንጠብቅ ነው ወሬው የደረሰው፣ እሱ ዘንድ በስልክ። ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም ተባለ። እሺ። መጣን። ገና ናቸው፣ ይረጋጉ ተባለ። ከዚያ በዓል መጣ፤ በበዓል ለቅሶ የለም። ከዚያ የእናቴ ደም ብዛት ተገኘ። ከዚያ ሌላ በዓል። አሁን ደግሞ የብርቱካን ሠርግ። ሆድ ይፍጀው አሉ። የነሱ ሆድ ምን ሆድ ነው? ጎተራ ነው እንዴ?

ደብተሬ፣ ይህን ስሚ። ጥቅምት ላይ ስጦታው እንዲመጣ ልናመለክት ሚስራድ የሄድን ጊዜ፣ የመንግሥት ቢሮው፣ አስተርጓሚያችን ማን ነበር? እሱ! አጠገቤ ተቀምጦ። ፀሐፊዋ ስትጠይቅ፣ ወንድምሽ ስንት ዓመቱ ነው ትላለች ይለኛል። እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይነግራታል። ባለሙያ ነው? ጤነኛ ነው? ጤነኛ ነው አልኩ። ጤነኛ ነው ብሎ ተረጎመላት! ለሞተ ሰው! እናቴ እጁን ሳመችው ስንወጣ።

ይህን ፊቱ ላይ ነገርኩት። ብርቱካን ከጓዳ ወጣች፣ ምንም አታውቅም፣ በዕብራይስጥ ምን ሆናችሁ አለች። ለሷ ስል አፌን ዘጋሁ። ወረድኩ። ሻማ ማብሪያ ደርሷል፣ አቆማለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 7

ኡልፓን። መምህሯ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ድልድይ ሣለች። ጌሼር አለች። ሁላችንም ጌሼር አልን። ከታች ማዕበል አደረገችለት፣ ከላይ መኪና። በዚህ ቃል እያንዳንዳችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። አንዱ ሩስያዊ ሽማግሌ ስለ ከተማው ድልድዮች አወራ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ተራዬ ደረሰ።

«ድልድዩ ላይ ውሃ የለም» አልኩ።

መምህሯ ልታርመኝ ፈለገች። ውሃው ከድልድዩ ሥር ነው እንጂ ላዩ ላይ አይሆንም አለች፣ በፈገግታ። አይደለም አልኳት። ሩስያዊው ዞሮ አየኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ነገ ይቅርታ እጠይቃት ይሆናል። እሷ ምን አደረገች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ፣ እዚያው አቲቆት። ጋ/አለሙ፣ ሁለት የሰፈራችን አባቶች፣ ቄሱም አሉ፤ በነጭ ጥምጥማቸው ሶፋው ጫፍ ላይ።

ንግግሩን ሁሉ አልጽፍም። ባጭሩ፦ እናትሽ አሁን ከተረዳች ሠርጉ ይፈርሳል። ከዚያ ለቤተ መቅደሱ የሚታዘንባቸው ሳምንታት ይገባሉ፣ ራቢዎቹ አያጋቡም። እስከ ነሐሴ። የልጅቱ ዕድል ይሰበራል። ስለዚህ ሠርጉ ይለፍ፣ በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ መጥተን በወጉ እናረዳታለን። እኔ ዓመት ሲያልፍ ወጉ የት ነበር አልኩ። ሴት ልጅ ሽማግሌ አታቋርጥም አሉኝ።

አጎቴ ደግሞ አንድ ነገር አወጣ። ራቢ ጠይቄ ነበር አለ። እዚህ አገር ሕጉ፣ ሞቱ የተሰማው ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ሺቫው፣ የለቅሶው መቀመጫ፣ ሰባት ቀን አይደለም፤ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት መሬት ተቀምጦ መነሣት። ስለዚህ በመቆየቱ የቀረባት ነገር የለም አለ።

አንድ ሰዓት! ኩፓት ኾሊም፣ ክሊኒኩ፣ ለእናቴ ክኒን የምሰለፈው ከዚያ ይበልጣል! ሃያ አራት ዓመት ያሳደገችውን ልጅ በአንድ ሰዓት አልቅሳ ትጨርስ?

ቄሱ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። የሕጉን እነሱ ያውቃሉ፣ ሴቲቱ ስታለቅስ ሰዓት የሚይዝባትን ሰው ግን እኔ አየዋለሁ አሉ። አጎቴ አቀረቀረ። ይህን ሲሉ ወደድኳቸው። በመዘግየቱ ግን እሳቸውም ተስማሙ፤ መውደዴን ግማሹን መለስኩ።

ከዚያ ሊያስምሉኝ ሆነ። ለእናቴ ብናገር የወንድሜ አጥንት ይውጋኝ በይ አሉኝ።

የትኛው አጥንት? የት ያለ አጥንት?

ዝም አልኩ። ዝምታዬን መሐላ አደረጉት። ተነሡ፣ መረቁኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 15

እናቴ ለሠርጉ ቀሚስ ታሰፋለች። ሙሉ ነጭ፣ ጥለቱ ቀይ። ለስጦታውም ሸሚዝ ልግዛ አለች፣ ከደረሰ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ጮህኩ።

ኤም ባይቷ ደግሞ መጣች። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። አዲሶቹ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይተኛሉ። እናቴ ቁጭ፣ አልጋው ላይ።

እነዚህን ሰዎች እግዜር ይይላቸው። እኔንም ከነሱ አንዷ አደረጉኝ። ጠዋት «ሕልም አየሽ?» ስትለኝ አላየሁም እላለሁ። በየቀኑ እዋሻታለሁ። ካልሆነ ስጦታው መቼ ይመጣ ይመስልሻል ትለኛለች፣ እኔም ለምንጣፉ እመልሳለሁ። ልክ እንደ ፈረደ።

ዓርብ፣ ሰኔ 19

ነገርኳት።

አላሰብኩትም። አንሶላውን ልትቀይር አልጋውን አነጠፈች፣ ትራሱን መታ መታ አደረገች፣ እዚህ ጋ ያዢልኝ አለች። ያዝኩ። እጄ አልለቅ አለኝ። እማዬ አልጋው ይቅር አልኳት። ለምን አላለችም። ተቀመጠች። በይ ጨርሺው አለች።

ጨረስኩት። ድልድዩን፣ ቧንቧውን፣ ጄሪካኑን። እየነገርኳት ፊቷን አያለሁ፣ ትወድቃለች ብዬ፣ ክኒኗ የት እንዳለ በዓይኔ እየፈለግኩ። አልወደቀችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ፈረደ ጠጣ?»

ጠጥቷል አልኳት፣ የመጀመሪያውን። እሰይ አለች።

ታውቅ ነበር፣ ደብተሬ። ፈረደ ጉልበቷን ከሳመ ጊዜ ጀምሮ። ልጄ በሕይወት ቢኖር ጉንጬን ነበር የሚስመኝ አለች። ከዚያም በፊት ትጠረጥር ነበር፤ አጎቴ ስሙን ሲሰማ ወሬ ይቀይራል። ባሕሩን ላታይ የማለችው ለዚሁ ነው፤ ከዚያ ውሃ ጋር ሳንተዋወቅ ይቅር ብላ።

ታዲያ ምነው ዝም አልሽ ብዬ ጮህኩባት። አዎ፣ በእናቴ ላይ ጮህኩ። ማን አረዳኝ አለች። ሰው ሳይረዳ እንዴት ያለቅሳል? ብቻዬን ሙሾ ባወርድ አበደች ይሉኛል። ልጇ ሳይሞት አሟርታ ገደለችው ይሉኛል። በሩን እያየሁ፣ ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እያልኩ እኮ ነው አልጋውን የማነጥፈው።

አየሽ? ለሷ ብለን ነው የደበቅናት ይላሉ። ልቅሶዋን ነው የሰረቋት! እንባዋን ይዘውባት በልተው ያድራሉ!

አሁኑኑ ሰው እጠራለሁ፣ ዛሬውኑ ይለቀስ አልኩ። ከበሩ መለሰችኝ። ብርቱካንን ስጦታው ነው በትከሻው ያሳደጋት አለች፤ ወንዝ ሲሞላ የሚያሻግራት እሱ ነበር። ሠርጓ በሱ ስም አይፈርስም። እናቱ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የምለው። ይለፍ።

በቃ። እንደነሱ ተናገረች። ግን እሷ ስትለው እሺ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 30

እናቴ ዕቃ ስታጥብ ታጉረመርማለች። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሰማሁ።

ድልድይ ያሻግራል ሲሉ ሰምቼ ነበር፣
ልጄን መሐል ጥሎ ማንን ሊያሻግር?

ታሰናዳለች። ለዚያ ቀን። ስታየኝ አቆመችና ሳህኑን አድርቂ አለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 3፣ ከሠርጉ ማግሥት

እግሬ አብጧል። በጥቂቱ እጽፋለሁ።

አዳራሹ ትልቅ፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። መጀመሪያ የፈረንጁን ዘፈን፣ ከዚያ የኛን። እናቴ ነጩን ቀሚስ ለብሳ ከፊት። እልል አለች፤ የአዳራሹን እልልታ ሁሉ የሚያስንቅ። ከዚያ ለጭፈራ ወጣች። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ጉልበቴን የምትል ሴት፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቷ ይዞራል። ሰው ሸሸት ብሎ ቦታ ሰጣት። ብርቱካን በቬሎዋ ሮጣ መጥታ አብራት ጨፈረች፣ አክስቴ አንደኛ ናት እያለች በዕብራይስጥ።

እኔ አጎቴን ነው የማየው። ግድግዳ ተደግፏል። ምንም እንደማታውቅ ነው የሚያስበው። እየጨፈረች ባየ ቁጥር ፊቱ ይከስላል። የልጁ ሠርግ ነው፣ ሰው እጁን ይጨብጣል፣ እሱ ዓይኑን ከሷ ላይ ማንሣት አልቻለም። ይበለው አልኩ። እውነቴን ነው፣ ይበለው አልኩ።

እናቴ ዘፈኑ መሐል ሄደች፣ እጁን ያዘች፣ ወደ መሐል ጎተተችው። ተነሥ የልጅህ ቀን ነው፣ ምነው ከፋህ አለችው። ሁለት ጊዜ ትከሻውን ነቀነቀና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ በጓሮ በር ወጣ። ሰው የደስታ ነው አለ። ፈረደ ግን ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ነበር። እናቴ ሄዳ በእጇ አጎረሰችው። በላ።

ስንመለስ ጫማዋን አወለቅኩላት።

እሑድ፣ ሐምሌ 5፣ ጎሕ ሲቀድ

ዛሬ ነው። በሦስተኛው ቀን ብለዋል።

ስነቃ እናቴ ቀድማኛለች። የስጦታውን አልጋ ገፍፋዋለች። አንሶላው ተጣጥፏል፣ ፍራሹ ተጠቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። ብረቱ ብቻ ቀረ። መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፎቶው ጭኗ ላይ። ወንድሜ ድልድዩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

በሩን አትቆልፊ አለችኝ። ማንም እንደ መርዶ ነጋሪ «የመጣነው» ብሎ እንዳይጀምር። እኔ ነኝ የማረዳቸው፣ ልጄን እኔ ነኝ የምነግራቸው፣ እነሱ ይስሙ አለች። ለፈረደ ከአጠገቧ ቦታ ለቅቃለች።

ኤም ባይቷ ስትመጣ ደግሞ አልጋውን ትውሰደው አለች። ልጆቹ ይተኙበት። ፍራሹን ግን በፀሐይ አውጪው፣ ሰው ሳይተኛበት ሻግቷል።

እኔ ከአጎቴ ጋር እታረቅ እንደሆን አላውቅም። ዛሬ አልታረቅም። ሰባት ቀን እንቀመጣለን፣ ሙሉውን። ሰዓቱን እያየ አንድ ሰዓት ይበቃል የሚል ካለ በሩ ላይ እኔ ነኝ ያለሁት፣ ይሞክረኝ።

ኮሪደሩ ላይ ጫማ ይሰማል። ብዙ ጫማ፣ ቀስ እያለ። አንዱ እግሩን ይጎትታል። የጋ/አለሙን ሳል አወቅኩት።

ተንኳኳ። እናቴ በሩ ገና ሳይከፈት ሙሾዋን ጀመረች።